ከጭቃ ቤት የሚማረው መሐንዲስ

በገጠር አዲስ ትምህርት ቤት ወይም የእህል መጋዘን ሲታሰብ በቅድሚያ የሚነሣው የሲሚንቶና የቆርቆሮ ጉዳይ ነው። ገንዘቡ ከሕዝቡ ይዋጣል፤ ሲሚንቶው በመኪና፣ መኪና በማይደርስበትም በአህያ ጀርባ ይመጣል። ሕንጻው ሲያልቅ ግን ክፍሉ በበጋ እኩለ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፤ በክረምትም የዝናቡ ጩኸት የመምህሩን ድምፅ ይውጠዋል።

የሲሚንቶ ዕዳ በዚህ አያበቃም። የኖራ ድንጋዩ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በሚደርስ ምድጃ ይቃጠላል። ከነዳጁ ጭስ ሌላ ድንጋዩ ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። በሰው ሥራ ወደ ዓለም አየር ከሚወጣው የዚህ ጋዝ መጠን ከመቶ 7 ወይም 8 እጁ ከሲሚንቶ የሚመጣ ነው። ነዳጅ የሚቆጥብ ሕንጻ የሚነድፉ መሐንዲሶችን የማሠልጠን ጉዳይ የተነሣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በአዲስ አበባ ልደታ የሚገኘውና በተለምዶ ሕንጻ ኮሌጅ የሚባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 ከስዊድን ጋር በመተባበር የተመሠረተ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በዚሁ ግቢ ከስዊዘርላንዱ የዙሪክ ቴክኖሎጂ ተቋም ጋር አንድ ባለ ሁለት ደርብ ቤት ተሠራ። የታችኛው ግድግዳ በጣውላ መካከል የተጠቀጠቀ አፈር፣ የላይኛው የአፈር ጡብ፣ ወለሉና ጣሪያው ደግሞ ቀጭን ጡብ እየተገጣጠመ የቆመ ቅስት ነው። ተማሪዎቹ ትምህርቱን የቀሰሙት በወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን እጃቸውን ጭቃ ውስጥ አግብተው ነው።

በገጠር መንደርስ ይሠራል ወይ ለሚል ሰው የቡርኪና ፋሶዋ ጋንዶ መንደር መልስ አላት። የመንደሯ ተወላጅ ፍራንሲስ ኬሬ ገና በበርሊን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ለመንደሩ ልጆች ትምህርት ቤት አሠራ። ነዋሪዎቹ በመጀመሪያ ጭቃ ክረምት አይችልም ብለው ተጠራጥረው ነበር። ጥቂት ሲሚንቶ በተቀላቀለበት የአፈር ጡብ ግድግዳው ቆመ፤ ቆርቆሮው ከጡቡ ኮርኒስ በላይ ከፍ ብሎ በቀጭን ብረት ላይ ተቀመጠ። ሙቁ አየር በመካከሉ ስለሚያልፍ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። ልጆች ለመሠረቱ ድንጋይ አመላልሰዋል፣ ሴቶች ወለሉን ደልድለዋል። ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 ፕሪትዝከር የተባለውን ትልቁን የሥነ ሕንጻ ሽልማት አግኝቷል።

የአገራችን አርሶ አደርስ ጭቃን ከጭድ ጋር አቡክቶ አሰንብቶ መለሰንን ከማን ተማረ? ከመሐንዲሱ እንዳልሆነ የታወቀ ነው።

ይሁንና አፈር ሁሉ ግድግዳ አይሆንም። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የአፈር ግንብ ዋና ጠላት ውኃ ስለሆነ ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረትና ወጣ ያለ የጣሪያ ክፈፍ ግድ ነው። ኮንክሪት ብቻ የተማረ መሐንዲስ ይህን ካልተረዳ ግድግዳው ሕፃናቱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የማኅበር መሪዎች ፕላን ሲቀርብላቸው አፈሩ ከየት እንደሚቆፈር፣ መሠረቱ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ሙቁ አየርም በየት እንደሚወጣ መሐንዲሱን ሊጠይቁት ይገባል።

አፈሩንም ራሳቸው ሊፈትኑ ይችላሉ። ከውኃ ጋር በጠርሙስ አድርገው በኃይል ነቅንቀው ቢያሳድሩት አሸዋው ከታች፣ ደለሉ ከመካከል፣ ሸክላው ከላይ ይረጋል። ሸክላው ከበዛ አሸዋ ይጨመርበታል። ሲሚንቶ የገባበት ጡብ ለአራት ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ ርጥበቱ ሳይጠፋ መቆየት ስላለበት፣ ሥራው በጥር ቢጀመር ክረምት ሳይገባ ጣሪያ ለማልበስ ይደርሳል።