ከዱክሲው ደጃፍ ላይ ማን ይጠይቅ?

በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህ፣ በአውበሬ ወይም በድንበሯ ቶጎ ውጫሌ እናት ወደ ገበያ ስትወጣ ልጇን ለማን ትተዋለች? አቅም ያላት ለሕፃናት ማቆያ፣ ሌላዋ ለጎረቤት፤ ልጁ ከፍ ሲል ደግሞ ለዱክሲው መዓሊም። ልጆች በአንድ ምንጣፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይቀራሉ። «የት ሱራ ደረሰ?» ብለን እንጠይቃለን። «ክትባቱን ጨርሷል ወይ?» የሚል ግን እምብዛም አይገኝም።

በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ ያገኙት በአገር ደረጃ ከመቶ 39፣ በሶማሌ ክልል 22 ብቻ ነበሩ። አዲስ አበባ 89 ደርሳ ነበር። ወላጅ እምቢ ብሎ ነው የሚሉ አሉ። በእኛ አስተያየት ግን ይበልጥ የሚጎዳን ጀምሮ መተው ነው። ክንድ ላይ ያለችውን የቲቢ ክትባት ጠባሳ አይተው «ተከትቧል» የሚሉ ብዙ ናቸው። በ45 ቀኑ ተወግቶ ሌሊቱን ሲያተኩሰው ያደረ ሕፃን ለሁለተኛው ሳይመለስ ይቀራል፤ ትኩሳቱ የተለመደና የሚያልፍ መሆኑን የነገራት የለምና እናቲቱን አንወቅስም። የ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ይረሳል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በ15 ወር ሁለተኛ መጨመሩን ያልሰሙም አሉ።

ኩፍኝ ደግሞ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን አስቀድሞ ይተላለፋል። ታማሚው ከክፍል ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ 2 ሰዓት አየር ላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ መዓሊሙ ሽፍታ አይቶ ልጁን ወደ ቤት ሲመልሰው ዘግይቷል። በሽታው ቤት ድረስ ተከትሎ፣ ገና 9 ወር ያልሞላው ታናሽ ዘንድ ይደርሳል። የዚያ ሕፃን መከታ የታላቁ ክትባት ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ከዚያም እንዳይወጣ ማዘዛቸውን እናስተምራለን። ታዲያ የሌላውን ልጅ ከጉዳት መጠበቅ ከተወኩል ጋር ምን ያጣላዋል?

የኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የተገኘው በነሐሴ 1976 እ.ኤ.አ. በኦጋዴን፣ ዲሞ በምትባል መንደር ነበር። ያ በሽታ በክትባት ጠፋ። በ2013 እ.ኤ.አ. ግን የልጅነት ልምሻ ዶሎ ዞን ገብቶ ሕፃናትን አሽመድምዷል።

ውድ አንባብያን፣ መዓሊሙና የማቆያዋ ሞግዚት በምዝገባ ቀን ካርዱን ቢጠይቁ ምን ይከብዳል? ያልጨረሰ ልጅ አይባረር፤ ወላጁ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ እንጂ። ክትባቱ በነፃ ነው። የተቋረጠውም ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደገና ከመጀመሪያው አይጀመርም።