ግላኮማ ሲጀምር ዓይን ምን ያጣል?

ስለ ግላኮማ ሲነገር አብሮ የሚቀርበው ሥዕል ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ዙሪያው ጠቁሮ መሃሉ ብቻ የቀረ እይታ። ሥዕሉ ለማስጠንቀቅ ታስቦ ቢቀርብም ሰውን ያዘናጋል፤ በሽታው ሲጀምር የሚታይ ጥቁር ነገር የለምና። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የብሪታንያ ጥናት 50 የግላኮማ ታማሚዎችን እይታቸውን የሚገልጸውን ሥዕል እንዲመርጡ ጠይቋል። ጥቁሩን የመረጠ አንድም አልነበረም። ገሚሶቹ አንዳንድ ቦታ ብዥ እንደሚልባቸው ተናገሩ፤ ከአራቱ አንዱ ያህል ግን ምንም እንደጎደላቸው አላወቁም።

ከእያንዳንዱ ዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ 1 ሚሊዮን ገደማ ቀጫጭን ክሮች አሉት፤ ግላኮማ እነዚህን በጥቂት በጥቂቱ ይገድላል። የእይታ ስፋት ምርመራ ጉድለቱን ከመያዙ በፊት ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆኑት የነርቩ ሕዋሳት ሊጠፉ ይችላሉ። በዚያ ላይ አንዱ ዓይን የሳተውን ሌላው ያየዋል፤ ሁለቱም የሳቱትን አንጎል ከአካባቢው ቀለምና መስመር ወስዶ ይሞላዋል። በምርመራው ታካሚው አገጩን አስደግፎ፣ አንድ ዓይኑን ተሸፍኖ፣ መሃል ያለችውን መብራት ትኩር ብሎ እያየ፣ ዙሪያዋን ደብዛዛ ብልጭታ ባየ ቁጥር ቁልፍ ይጫናል። በውጤቱ ወረቀት ላይ መጀመሪያ የሚወጣው ጉድለት ብዙውን ጊዜ በአፍንጫ በኩል ነው፤ ወይም ከመሃሉ በላይ አለዚያም በታች እንደ ቅስት ይታጠፋል። መሃሉ ስለሚተርፍ ያው ሰው የፊደል ሰሌዳውን እስከ ታችኛው መስመር ሊያነብ ይችላል። የሚያስቸግረው ነገር ካለም በደብዛዛ ብርሃን ደረጃ መውረድ ወይም ከፀሐይ ወደ ጨለማ ክፍል መግባት ነው፤ ይህንንም በዕድሜ ያሳብበዋል።

እንግዲህ ደህና አያለሁ ማለት ማስረጃ አይሆንም። የዓይን ግፊት መለካት ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ግን ግፊታቸው ከ21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሳያልፍ ነርቫቸው የሚጎዳ ብዙ ናቸው። የጠፋው ላይመለስ ቀድሞ ማወቁ ምን ይረባል የሚለው ጥያቄ ይከብዳል፤ መልስ ግን አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የወጣው የአሜሪካ ጥናት፣ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ገና ጉዳት ባልደረሰባቸው ሰዎች ላይ የተሠራ ነው፤ በ5 ዓመት ውስጥ ግላኮማ የያዛቸው ያለ ሕክምና 9.5 በመቶ፣ በጠብታ 4.4 በመቶ ነበሩ። በዚያው ዓመት የታተመው የስዊድን ጥናትም ሕክምና በሽታው ከጀመረ በኋላ መባባሱን እንደሚያዘገይ አሳይቷል።

በኢትዮጵያ ከሁሉ የሚጠነክረው መከራከሪያ የአቅም ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች የዓይን ሞራ ግማሽ ያህሉን ሲይዝ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ ብቻ እንደሆነ አግኝቷል። ቅድሚያው ለሞራ መሰጠቱ ተገቢ ነው። ሆኖም ሞራ የወሰደው ብርሃን በቀዶ ሕክምና ይመለሳል፤ ግላኮማ የወሰደውን ግን የሚመልስ የለም። ደግሞም አገር አቀፍ ዘመቻ አያስፈልግም፤ ከ40 ዓመት በላይ የሆነው ሰው ለማንበቢያ መነጽር ሲመጣ፣ ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ ግላኮማ ያለበትም ሲገኝ፣ የፊደል ሰሌዳው ላይ ሳይቆሙ ነርቩን በመሣሪያ ማየት ነው።