ቻው ማለት ምን ማለት ነው?

ዛሬ የማቀርብላችሁ ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ «ቻው» ነው። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ቻው፣ ስልክ ስንዘጋ ደግሞ «እሺ፣ ቻው ቻው» እንላለን። ቀፊራ ገበያ ብትሄዱ አንዱ በኦሮምኛ «ነጋቲ»፣ ሌላው በሶማሊኛ «ነበድ ገልዮ» ብሎ ይሰናበታል። ሁለቱም ውስጥ ሰላም የሚል ቃል አለ። ቻው ውስጥስ ምን አለ?

ቻው የጣሊያን ቃል ነው። የተነሳው ከቬኒስ ከተማ ነው። ድሮ የቬኒስ ሰዎች «ስቻቮ» ይባባሉ ነበር። ትርጉሙ «ባሪያህ ነኝ» ማለት ነው! እንዲህ የሚሉት ግን ለአክብሮት ነው፤ እኛ አገር አስተናጋጅ «ምን ልታዘዝ?» እንደሚለው ማለት ነው። እየቆየ ቃሉ አጠረና ቻው ሆነ።

«ስቻቮ» ራሱ የመጣው ስላቭ ከሚባሉ የአውሮፓ ሕዝቦች ስም ነው። በድሮ ዘመን ብዙዎቹ እየተማረኩ ስለተሸጡ ስማቸው ባሪያ ማለት ሆኖ ቀረ። በእንግሊዝኛ የምንማረው «ስሌቭ» የሚለውም ቃል ከዚሁ ነው የመጣው። በጣም ያሳዝናል።

ጣሊያኖች ሲገናኙም ሲለያዩም ቻው ይላሉ። እኛ ግን ስንለያይ ብቻ ነው። ጠዋት ክፍል ገብታችሁ ቻው ብትሉ «ገና ሳትቀመጥ ወዴት ነው አቦ?» ትባላላችሁ።

ጣሊያን አገራችንን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ወርሮ ይዞ ነበር። ጠላት ተሸንፎ ወጣ፤ እንደ መኪና፣ ጎማ፣ ፉርኖና ፋብሪካ ያሉ የጣሊያን ቃላት ግን ዛሬም አሉ። ስለዚህ «ቻው የጠላት ቃል ነው፣ ለዛውም ባሪያ ማለት ነው፣ እንተወው» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። እኔ ግን መተው ያለብን አይመስለኝም። ዛሬ ቻው ሲባል ባርነትን የሚያስብ የለም። ቃሉ ተለውጧል፣ የራሳችንም ሆኗል።

መተው ያለብን ሌላ ቃል ነው። ስንጣላ የሰውን መልክ አይተው «ባሪያ» ብለው የሚሳደቡ ልጆች አሉ። በአገራችንም ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። ይሄ ስድብ እንደ ቻው አልተለወጠም፣ አሁንም ሰው ያስለቅሳል። ስለዚህ ጓደኛችንን በስሙ እንጥራው፣ ስንለያይም ቻው እንበለው።

በሚቀጥለው እትም «ፉርኖ» የሚለውን ቃል ይዤ እስክንገናኝ፣ ቻው!