ሹራብ ሲባል የትኛው?
የመንዝ በግ ፀጉር ባና ሆኖ ይወጣል፤ ሹራቡ ከሌላ ቦታ ይመጣል

የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲበረታ፣ በመሐል ሜዳና በሌሎች የመንዝ ደጋ ገበያዎች ሹራብ ተፈላጊ ነው። ገዥው የሚጠራው ስም አንድ ነው። የሚቀርብለት ዕቃ ግን በእጅ የተሠራ፣ የፋብሪካ ምርት ወይም ሰልባጅ ሊሆን ይችላል።

ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው። በግብፅና በሱዳን የዚሁ ቃል ትርጉም ዛሬም ካልሲ ነው። በአማርኛም ካልሲ «የእግር ሹራብ»፣ ጓንት ደግሞ «የእጅ ሹራብ» ይባሉ ነበር። «ካልሲ» እና «ጓንት» የተባሉት የጣሊያንኛ ቃላት ሲለመዱ፣ ሹራብ በአብዛኛው ከወገብ በላይ ለሚለበሰው ቀረ።

ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባው፣ ስሙ የሚገልጸው አሠራሩን እንጂ ክሩን አለመሆኑን ነው። ጥጥም ሆነ አክሪሊክ ወይም የበግ ፀጉር፣ ክሩ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ከተሠራ ሹራብ ነው። «ሱፍ ነው» መባሉም ዋስትና አይሆንም፤ በከተማ ሱፍ ማለት ኮትና ሱሪም ነውና። የሚያጠራጥር ከሆነ ከክሩ ጥቂት መዝዞ በእሳት መለኮስ ነው። የበግ ፀጉር እንደ ተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ በጣት ሲያሹትም ይፈረፈራል። አክሪሊክ ግን ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሆናል።

በግ የሞላበት መንዝ ሹራብ ከውጭ የሚጠብቀው ለምንድን ነው? የመንዝ በግ ፀጉር ሻካራ ነው። ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔዎች ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሠሩበታል። ይህ በድርና ማግ የሚሠራ ሽመና ስለሆነ ሹራብ አይባልም። በ1957 ዓ.ም. የተቋቋመው የደብረ ብርሃን ፋብሪካም ስሙን ያተረፈው በብርድ ልብስ ነው። ዝርያውን ለማሻሻል ከእስራኤል የመጣው አዋሲ ከመንዝ በግ ጋር ቢዳቀልም፣ ገበሬው ዛሬም በጉን የሚሸጠው በዋናነት ለሥጋ ነው፤ ፀጉሩ የሚያስገኝለት ገቢ አነስተኛ ነው።

በመሆኑም የበጉን ብዛት ብቻ አይቶ የሹራብ ፋብሪካ የሚያቅድ ባለሀብት ስሌቱን ሊያጤን ይገባል። ፀጉሩን የሚለይ፣ የሚያጥብና ለስላሳ ክር የሚያወጣ ሥራ መቅደም አለበት። ያ እስኪሆን ሻካራው ፀጉር ለምንጣፍና ለብርድ ልብስ ያዋጣል። ደላላም ውል ሲያዋውል «ሹራብ» ብሎ ብቻ አይለፍ፤ የክሩን ዓይነት፣ ድርሻውንና ክብደቱን ያስጽፍ። ክርክር የሚነሳው ዕቃው ከተራገፈ በኋላ ነው።