እስከ ስድስተኛው ወር

የሕክምና ምርምር ድኅረ ምረቃ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ቤተ ሙከራና ወደ አዲስ መድኃኒት ፍለጋ ነው። የትምህርቱ መሠረት ግን ቀላል ነው። ሐኪሙ፣ ፋርማሲስቱ ወይም ነርሱ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ ከቆየ በኋላ ተመልሶ ፋርማኮሎጂ፣ ስታቲስቲክስ፣ የምርምር ሥነ ምግባርና የክሊኒካዊ ሙከራ አካሄድ ይማራል፤ ከዚያም በአማካሪ እየተመራ የራሱን ጥናት ይሠራል። በደቡብ ጎንደር ላለችው ለመካነ ኢየሱስ ከተማ ሰው በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ቅርብ ቤት ጎንደር ነው፤ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ተቋም ዛሬ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተቋቋመው ሲዲቲ አፍሪካ የተባለ ማዕከል በመድኃኒት ግኝትና ሙከራ ተመራማሪዎችን ያሠለጥናል። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። ያልታወቀውና እንደሚገባው ያልተከበረው የሥልጠናው ልብ ሌላ ቦታ ነው፤ ታካሚው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ምን እንደ ሆነ ማወቅ።

ለዚህ ከካላዛር የተሻለ ማስረጃ የለም። በሽታው ባዕድ አይደለም፤ ከእስቴ፣ ከስማዳና ከጋይንት ደጋ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ የሚወርድን የቀን ሠራተኛ ሁሉ ያሰጋል። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጣጠቀ ዋልካ መሬትና በግራር ሥር ትኖራለች፤ ሠራተኛውም ሌሊቱን እዚያው ሜዳ ላይ ያድራል። ለብዙ ዓመታት ሕክምናው 30 ቀን በየቀኑ የሚወጋ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ነበር፤ መርዝነቱ ልብንና ቆሽትን የሚጎዳ ከባድ መድኃኒት ነው። ፓሮሞማይሲን የተባለው ርካሽ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ የሕንድ ጥናት በ21 ቀን ከ100 ታካሚ 94ቱን ያህል ፈውሶ ሲገኝ፣ ወደ እኛም አምጥቶ ማደል የቀረ ይመስል ነበር። ሆኖም በሱዳን፣ በኬንያና በኢትዮጵያ በዚያው መጠን ሲመዘን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አስራት ኃይሉና ባልደረቦቻቸው እንዳሳተሙት፣ የፈውሱ መጠን 63.8 በመቶ ብቻ ሆነ፤ አሮጌው መድኃኒት ግን 92.2 በመቶ አድኗል። ልዩነቱ በአህጉራት መካከል ብቻ አልነበረም። ከሱዳን ሁለት ማዕከላት በአንዱ 14.3 በመቶ፣ ከኢትዮጵያ ሁለት ማዕከላት በአንዱ 75፣ በሌላው 96.6 በመቶ ተመዘገበ። መጠኑ በኪሎ ከ15 ወደ 20 ሚሊ ግራም ከፍ ሲደረግም 84.3 በመቶ ላይ ቆመ። መፍትሔው የተገኘው ሁለቱን መድኃኒቶች አጣምሮ በ17 ቀን በመስጠት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ውጤት ጥምሩ 91.4፣ የ30 ቀኑ መርፌ 93.9 በመቶ እንደ ፈወሱ አሳየ። ሕክምናው የተሻሻለው አዲስ ሞለኪውል ስለ ተፈለሰፈ አይደለም። ያሉት መድኃኒቶች በዚህ አገር ሰው ላይ፣ በዚህ አገር ተመራማሪ በትክክል ስለ ተመዘኑ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ የተቆጠሩት ሕክምናው ባለቀበት ቀን ሳይሆን ከስድስት ወር በኋላ ነው። ካላዛር ትኩሳቱ ጠፍቶ፣ ጣፊያው ተመልሶ፣ ታካሚው ጠግቦ መብላት ከጀመረ በኋላም ሊያገረሽ ይችላል። በመውጫው ቀን ብቻ የሚቆጥር ተመራማሪ ደካማውን መድኃኒት ጠንካራ አድርጎ ይጽፋል። እንግዲህ ተማሪው መልመድ ያለበት ይህን ነው፤ ጎንደር ታክሞ ወደ እስቴ የተመለሰን ገበሬ ከስድስት ወር በኋላ በቀበሌው፣ በጎጡ፣ በዘመዱ ስልክ ፈልጎ ማግኘት፤ መጥቶ ካልተመረመረም ስሙን ከመዝገብ ሳይሰርዝ በአካፋዩ፣ ማለትም ሕክምና በጀመሩት ሁሉ ቁጥር፣ ውስጥ ማቆየት። የጠፉትን ጥሎ የመጡትን ብቻ የሚቆጥር ሰው መድኃኒቱን ሳይሆን የመንገዱን ምቾት ነው የለካው፤ ያገረሸበትና የሞተው ናቸውና ብዙ ጊዜ የማይመጡት። ለመመረቂያ ጽሑፍ ሲባል የአንድ ቀን መጠይቅ በትኖ ሰብስቦ፣ ክትትሉን ‹ጊዜ አልበቃም› በምትል አንዲት መስመር የሚያልፍ ተማሪ፣ ይህንም ዝም ብሎ የሚፈርም አማካሪ፣ ዲግሪውን እንጂ ሙያውን አላከበሩም።

ለወረዳ ሆስፒታል ጓንትና ነርስ ሳይሟላ ለፒኤችዲ ገንዘብ ማፍሰስ ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ አለ፤ ከባድም ነው። ነገር ግን በ1997 ዓ.ም. በዚሁ በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ካላዛር ሲነሣ በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ታልፎ ነበር፤ በሽታው እስኪለይ ድረስ ብዙ ሰው ሞቷል። ያልዳነ ታካሚን ‹መድኃኒቱ ነው ወይስ በሽታው ሌላ ነው?› ብሎ በሥርዓት መጠየቅ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው፤ ያ ሰው መገኘት ያለበትም በወረዳው ነው። ደግሞም ሕክምናው ከ30 ወደ 17 ቀን ሲያጥር በእያንዳንዱ ታካሚ 13 የአልጋ ቀን ይተርፋል፤ የነርሷም ድካም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ድሃውን መሞከሪያ ማድረግ ነው ለሚሉም መልሱ ከነገሩ አሠራር ይገኛል። አዲሱ ሕክምና የሚወዳደረው በወቅቱ ከሚሰጠው መደበኛ ሕክምና ጋር ነው፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፕሮቶኮሉን ይመረምራል፤ ታካሚውም ገብቶት ይፈቅዳል። ችግሩ ያለው የፈቃድ ቅጹን በጥድፊያ አንብቦ አውራ ጣት በሚያስቀባ ሰው ዘንድ ነው፤ ያ ደግሞ የበለጠ ሥልጠናን ይጠይቃል እንጂ ምርምርን መተውን አይደለም። ሳይመዘን ከውጭ የመጣን መድኃኒት መስጠትም ቢሆን ሙከራ ነው፤ ውጤቱን የሚመዘግብ የሌለው ሙከራ።

ስለዚህ የመካነ ኢየሱስን ያህል ከተማ ሆስፒታል የምርምር ትምህርት ቤቱ አካል አድርጎ ማሰብ ያስፈልጋል። የካርድ ክፍሉ ቀበሌና ስልክ በትክክል ከጻፈ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የተመላሹን በር ካንኳኳች፣ የጎንደሩ ወይም የደብረ ታቦሩ ተማሪ ጥናት አካፋዩ ሙሉ ይሆናል። የእንዲህ ያለ ክትትል ፍሬ ዛሬም ይታያል፤ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በሱዳንና በኡጋንዳ የተካሄደው የቅርቡ ሙከራ በአፍ የሚወሰደውን ሚልቴፎሲን ከፓሮሞማይሲን ጋር አጣምሮ ሕክምናውን ወደ 14 ቀን፣ መርፌውንም በቀን ወደ አንድ አውርዷል፤ በስድስተኛው ወር ሲቆጠር የፈወሰው 91.2 በመቶ ሲሆን የ17 ቀኑ ጥምር 91.8 በመቶ ነበር።