ፍላሹ ብልጭ ብሎ ፊቱ ለምን ጨለመ?

በመቲ ብርሃን እንደ ልብ አይገኝም። የማጃንግ ዞን ከተማ የሆነችውን መቲን የከበበው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበው የማጃንግ ደን ነው። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ቀፎው ከዛፍ ላይ ይሰቀላል። ድግስና ስብሰባ ሲኖር ደግሞ ሰው የሚሰበሰበው በሸራ ዳስ ወይም በቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የሚሠራ ፎቶ አንሺ በቀትርም ቢሆን ካሜራው ላይ ፍላሽ ይገጥማል። ከዚያም ፍላሹ ብልጭ ብሎ ፎቶው ጨልሞ ሲወጣ ጥርጣሬው ቶሎ ዕቃው ላይ ያርፋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፍላሹ ደህና ነው። ብርሃኑ የት እንደቀረ በቅደም ተከተል ከጠየቅን ምክንያቱ ይገኛል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው የጨለመው ምኑ እንደሆነ ነው፤ ሰውየው ወይስ ከጀርባው ያለው? በፍላሽ የተነሳ ፎቶ ሁለት ብርሃን ይቀበላል፤ አንዱ በስፍራው የነበረው፣ ሌላው ፍላሹ የላከው። የስፍራው ብርሃን ሻተሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ ይገባል። የፍላሹ ግን በጥቂት የሰከንድ ሺህኛዎች ወይም ከዚያም ባነሰ ጊዜ ውስጥ መጥቶ ያልቃል። በዚህ የተነሳ ሻተሩን ከ1/200 ወደ 1/50 ማዘግየት የአዳራሹን ግድግዳና ከጀርባ የተቀመጡትን ሰዎች ያደምቃል እንጂ ፍላሹ ለፊት የሰጠውን ብርሃን አይጨምርም። ፊቱ ደህና ሆኖ ጀርባው ጥቁር ከሆነ መድኃኒቱ ሻተሩን ማዘግየት፣ ወይም የፍላሹን ኃይል ቀንሶ አይኤስኦውን ከፍ ማድረግ ነው። ፊቱ ራሱ ከጨለመ ግን የፍላሹን ኃይል፣ አፐርቸሩን፣ አይኤስኦውንና ርቀቱን እንመርምር።

ከእነዚህ መካከል ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ርቀት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ብቻ ይሆናል። ሁለት ሜትር ላይ ለቆመች ሙሽራ የሚበቃ ብርሃን አራት ሜትር ላይ ለቆሙት አጎቶቿ ሩቡ ይደርሳቸዋል፤ ይህም ሁለት ስቶፕ መቀነስ ነው። የቤተሰብ ፎቶ ላይ የፊተኛው ረድፍ ደምቆ የኋለኛው የሚጠፋው በዚህ ነው። መፍትሔው ረድፎቹን ማቀራረብና ፎቶ አንሺው ራሱ ወደኋላ ማፈግፈግ ነው፤ ስድስትና ሰባት ሜትር ላይ በቆሙ ረድፎች መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ስቶፕ አይበልጥም። ማፈግፈጉ የሚያጎድለውን ብርሃን በአይኤስኦ ይመልሱታል።

ፍላሹ ምን ያህል እንደሚደርስ ጋይድ ነምበር የሚባለው ቁጥር ይነግረናል። ቁጥሩን ለአፐርቸሩ ስናካፍል የሚበቃበትን ርቀት በሜትር እናገኛለን። በአይኤስኦ 100 ጋይድ ነምበሩ 40 የሆነ ፍላሽ በኤፍ 5.6 ሰባት ሜትር ያህል ይደርሳል፤ በኤፍ 11 ግን አራት ሜትርም አይሞላም። አይኤስኦውን ወደ 400 ስናወጣው ርቀቱ እጥፍ ይሆናል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ማስታወቂያው ላይ በጉልህ የሚጻፈው ትልቅ ቁጥር የፍላሹ ራስ ወደ 105 ወይም 200 ሚሊ ሜትር ዙም ተደርጎ የተለካ ነው። ለሰፊ ሌንስ ብርሃኑ ሲበተን ቁጥሩም ይወርዳል።

ቀጥሎ ወደ ላይ መመልከት ነው። የፍላሹን ራስ ወደ ኮርኒስ አዙሮ ብርሃኑን አንጥሮ መመለስ ፊትን የሚያለሰልስ መልካም ዘዴ ነው፤ የሚሠራው ግን ኮርኒሱ ነጭና ዝቅተኛ ሲሆን ነው። እንደዚያም ሆኖ ሁለት ስቶፕ ያህል ሊበላ ይችላል። የሳር ቤት ጣሪያ ከጢስ ብዛት ጠቁሮ ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ብርሃኑን ወዳልታሰበ አቅጣጫ ይወረውረዋል። ሰማያዊ ሸራ ደግሞ ብርሃኑን ከመቀነሱም በላይ ፊቱን ሰማያዊ ያደርገዋል። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ የፍላሹን ራስ ወደ ፊት መመለስ፣ ወይም ረዳት በያዘው ነጭ ጨርቅ ላይ ከቅርብ ማንጠር ይሻላል።

ርቀቱም ጣሪያውም ደህና ሆኖ ፎቶው ከጨለመ ልኬቱን እንጠርጥር። በአገራችን ሥራ ላይ ዋናው ጉዳይ ይህ ይመስለኛል። ቲቲኤል በሚባለው አሠራር ፍላሹ ዋናው ፎቶ ከመነሳቱ በፊት ትንሽ ብልጭታ ይልካል፤ ካሜራው ተንጸባርቆ የተመለሰውን ይለካና ኃይሉን ይወስናል። መለኪያው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ነው። ሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላና ጋቢ ክፈፉን ሲሞሉት ብዙ ብርሃን ይመለሳል፤ ካሜራውም በዛ ብሎ ኃይሉን ይቀንሳል። ነጩ ልብስ ግራጫ ይሆናል፣ ፊቱም አብሮ ይጨልማል። ከሰዎቹ ጀርባ ያለ መስተዋት ወይም የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮም እንዲሁ ያሳስተዋል። ሙሽራው ጥቁር ሱፍ ለብሶ ብቻውን ሲነሳ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ፎቶው ከሚገባው በላይ ይደምቃል።

ይህ በጥቁር ፊት ላይ የበለጠ ይጎዳል። ጥቁር ቆዳ የሚመልሰው ብርሃን ከቀላ ቆዳ ያነሰ ስለሆነ ለነጩ ልብስ ተብሎ አንድ ስቶፕ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚጠፋው የፊቱ ዝርዝር ነው። በመቲ የማጃንግ ሰውና ከደጋ መጥቶ የሰፈረው ሰው በአንድ ድግስ፣ በአንድ ክፈፍ ውስጥ ይቆማሉ። ካሜራው ሁሉንም በአማካይ ሲለካ ከሁሉ ይልቅ የጠቆረው ፊት ይከፍላል። ነገሩ የቆየ ታሪክ አለው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም የሚያመሳክሩበት ሸርሊ የሚባለው የኮዳክ ካርድ ለረጅም ጊዜ የነጭ ሴት ምስል ብቻ ነበረው፤ የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸውን ሴቶች አንድ ላይ ያሳየው ካርድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። እኛም የማሽኑን ልኬት እንደ መጨረሻ ፍርድ መቀበል የለብንም። ልብሱ ነጭ ሲበዛ የፍላሹን ማካካሻ ከ1 እስከ 1.7 ስቶፕ መጨመር ነው። ርቀቱ የማይለወጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ እንግዳ ሁሉ እየተሰለፈ ከሙሽሮች ጋር ሲነሳ፣ ፍላሹን ማንዋል ላይ አድርጎ በአንድ ኃይል መሥራት የተሻለ ነው፤ ልብስ በተለወጠ ቁጥር ብርሃኑ አይዋዥቅም።

ሳይታወቁ የሚቀሩ ቅንብሮችም አሉ። ባለፈው ሥራ ላይ የተቀነሰ ማካካሻ እንዳለ ቀርቶ ይሆናል፤ ማንዋል ላይ ያለ ፍላሽ በ1/64 ኃይል ተትቶ ይሆናል። ሻተሩ ብዙ ካሜራዎች ከሚፈቅዱት ከ1/200 ወይም ከ1/250 ሲፈጥን በፎቶው ላይ ጥቁር ሰንበር ይመጣል። ሃይ ስፒድ ሲንክ የሚባለው አሠራር ሰንበሩን ያጠፋዋል፤ የፍላሹን ኃይል ግን በብዙ ይቀንሰዋል።

የመጀመሪያው ፎቶ ደምቆ ተከታዮቹ እየጨለሙ ከሄዱ ችግሩ የባትሪ ድንጋዩ ነው። ፍላሹ ሙሉ ኃይሉን ከለቀቀ በኋላ እንደገና ለመሙላት ሰከንዶች ያስፈልጉታል፤ የዝግጁነት መብራቱ ሳይበራ መጫን ጎዶሎ ብርሃን ያስገኛል። ርካሽ ድንጋይ ቶሎ ይደክማል። ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ቮልቱ 1.2 ቢሆንም ኃይሉን በፍጥነት ስለሚሰጥ ይመረጣል። መብራት በሚጠፋበት ስፍራ አንድ ተጨማሪ ስብስብ ቀድሞ ሞልቶ መያዝ ግድ ነው። በዝናባማ አካባቢ እርጥበት ስለሚበዛ ፍላሹና ካሜራው የሚገናኙበትን ብረት በደረቅ ጨርቅ መጥረግም ይጠቅማል። ፍላሹን ግን መፍታት አይገባም፤ ከጠፋ በኋላም ውስጡ 300 ቮልት ያህል ሊይዝ ይችላል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚለይ ፈተና አለ። ፍላሹን ማንዋል ላይ አድርጉና ሙሉ ኃይል ስጡት፤ አይኤስኦ 400፣ ኤፍ 5.6፣ ሻተር 1/125 አድርጋችሁ ሦስት ሜትር ላይ የቆመ ሰው በቀጥታ አንሱ። ፎቶው ከልክ በላይ ነጭ ከሆነ ዕቃው ደህና ነው፤ ጥፋቱ ከልኬቱ፣ ከቅንብሩ ወይም ከጣሪያው ነው። ከጨለመ ድንጋዩን፣ መገናኛውን፣ በመጨረሻም ፍላሹን ራሱን መርምሩ። ውጤቱን በሂስቶግራም እንጂ በስክሪኑ ብቻ አትፍረዱ፤ በጨለማ ዳስ ውስጥ ስክሪን ሁሉ ደማቅ ይመስላል።

ይህን ሁሉ ማወቅ የሚጠቅመው ሥራው ስለማይደገም ነው። ለብዙ ቤተሰብ የሰርግ ቀን ፎቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ብቸኛው ምስል ነው፤ የጨለመን ፊት በኮምፒውተር ማድመቅ የጠፋውን ዝርዝር በሙሉ አይመልሰውም። ስለዚህ ቀደም ብሎ መድረስ፣ ሙሽራዋ በምትቆምበት ቦታ ከቤተሰቡ አንዱን ነጠላ አልብሶ ማቆም፣ ፊቱ በትክክል እስኪወጣ ኃይሉን ማስተካከል የሥራው አካል ነው። ካሜራው የሚያውቀው የብርሃኑን አማካይ ብቻ ነው፤ የማን ፊት በትክክል መታየት እንዳለበት የሚወስነው ፎቶ አንሺው ነው።