ከበደሳ አዲስ አበባ፦ የአየር ርቀት፣ የመንገድ ርቀትና የበረራ ጊዜ

በደሳ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ፣ በቀጥተኛ የአየር መስመር 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በመኪና ግን ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ለመድረስ ብቻ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል፤ በደሳ ከዚያም አልፋ በገለምሶ መስመር ላይ ናት። ልዩነቱን የፈጠረው መልክዓ ምድሩ ነው። መንገዱ በአዳማና በመተሐራ አድርጎ ወደ አዋሽ ቆላ ይወርዳል፤ ከሚኤሶ በኋላ ደግሞ የጨርጨርን ተራሮች እየተጠማዘዘ ይወጣል። ጭነት የያዘ መኪና ጊዜውን የሚጨርሰው እዚህ ዳገት ላይ ነው።

የአየር ርቀቱን በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር በሚበር አውሮፕላን ፍጥነት ቢያካፍሉት 22 ደቂቃ ይወጣል። ይህ ቁጥር መንገደኛን ያሳስታል፤ በደሳ መደበኛ በረራ የላትም። ቅርቡ መደበኛ በረራ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ ድሬዳዋ ነው። ከአዲስ አበባው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ድሬዳዋ በአየር 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በስሌት 34 ደቂቃ ይሆናል፤ በተግባር ግን አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ምክንያቱም አውሮፕላኑ መንደርደሪያው ድረስ ይጓዛል፣ ከፍታ ይይዛል፣ ለማረፍም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ድሬዳዋ የወረደ የበደሳ መንገደኛ በቁልቢና በሂርና በኩል ወደ ምዕራብ ይመለሳል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው የአዋሽ መንገድ ይሻላል።